የግራ እግሬ ልክ

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከጎማ ጠጋኙ ሁለት በር አለፍ ብሎ፣
የአሊጋዝ ሱቅ አለ፣ ከደጁ አሮጌ ቸርኬ አንጠልጥሎ።
ታፔላ የለውም። ማታ ብቻ ከቆርቆሮው ስንጥቅ
ሰማያዊ ብርሃን ሾልኮ አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ፣
ያኔ ይታወቃል፤ አሊጋዝ ከሥራው ገብቷል፤
መብራት ኃይልም ለዛሬ ሰፈራችንን ምሮታል።

«ብስክሌት ልገዛ ነው» ብዬ ስለ ዋጋ ሳነሳ፣
«እኔ ብስክሌት አልሸጥም፤ የሚሸጥ ሞልቷል ፒያሳ፤
እኔ የምሠራው አጥንቱን ነው፤ ሥጋውን ከሌላ ፈልጊ፤
ለማንኛውም ጫማሽን አውልቂና ወደ ግድግዳው ተጠጊ።»

ያለፈው ብስክሌቴ፣ ከፋብሪካ የመጣ፣ ለሁሉም ልክ የተሰፋ፣
ገራዶ ቁልቁለት ላይ አንገቱ ተቀንጥሶ እኔን ድንጋይ ላይ ደፋ።
የክትባት ሳጥኔ ገደል ገባ፤ እኔ ከቁልቋል ታገልኩ፤
ሦስት መቶ በግ የሚጠብቀው መድኃኒት ፀሐይ ሲበላው አለቀስኩ።
ለአሊጋዝ ይህን አልነገርኩም። ክርኔን አየና፣ ጠባሳውን፣
«ገራዶ?» አለ። «ገራዶ» አልኩ። ጨረስን ታሪኩን።

ለመለካቱ ልጁን ጠራ፤ ሉባባ ሜትሩን ይዛ መጣች፤
እሱ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፣ እሷ ቁጥሩን ጮክ ብላ ጠራች፤
እሱ በጠመኔ ብረት በሩ ላይ ይጽፋል፤
ክንድ፣ ትከሻ፣ ወገብ... ድንገት ጠመኔው ይቆማል።
«የግራውን ድገሚው።» ደገመችው። «እስቲ እንደገና።»
ከቀኙ በሁለት ሳንቲም ያንሳል፤ ማን ለክቶት ያውቅና!

ሠላሳ አራት ዓመት የተራመድኩባት፣ እናቴ ያላስተዋለቻት፣
ወገቤ ብቻ በክረምት ማታ እያጉረመረመ የከሰሳት፣
ያቺ ጉድለት በር ላይ በነጭ ተጻፈች። አላፈርኩም፤
የሆነ ሰው አወቀኝ አልኩ፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

«ለምን በውሃ ቧንቧ አትሠራውም? ይረክስልኛል» ብለው፣
ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ አወጣ፤ ነገሬ አመመው፤
«የውሃ ቧንቧ ለውሃ ነው! ውሃ ይወርድበታል፤
ሰው ግን ዳገት ይወጣል፤ ዳገት ብረት ይመርጣል።»

ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ።
«ለመስቀል» አለኝ፤ ደመራው ነዶ አመድ ሆነ፤
«ለመውሊድ» አለኝ፤ መውሊዱም አልፎ ድቤው ሰከነ።
መሥሪያ ቤት፣ «ሙሽራ ነው እንዴ የምትጠብቂው?» አሉኝ፤
በዚህ ብር አንድ ወይፈን ይገዛ እንደነበር አሰሉልኝ።
በየሰኞ ገበያው ጎራ እላለሁ፤ አጥንቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ
አንድ ቀን ሦስት ማዕዘን፣ ሌላ ቀን ጭራው ተቀጥሎ፤
አንድ ቀን ደግሞ የለም! «ቆረጥኩት» አለ ሳያፍር፤
«መገጣጠሚያው ውስጥ አየር ነበረው፤
ከዓይን ይሰወራል እንጂ ከዳገት አይሰወር።»

በጥር መጨረሻ ቀሪውን ብር ሰጠሁት፤ አልቆጠረውም፤
«ቀለም አልፈልግም» አልኩት፤ «ጠባሳው አይሸፈንም።»
ግራ ፔዳሉ ላይ ሁለት ሳንቲም ጠፍጣፋ ብረት ተደርቧል፤
ስለሱ እኔም ዝም፣ እሱም ዝም፤ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል።
ራሱ አይነዳም፤ ሆጤ ሜዳ ዞራ የፈተነችው
ሉባባ ናት፤ «ከኔ ይረዝማል» ብላ በቅናት የመለሰችው።
ስወጣ አየሁት፦ ቁጥሬ በሩ ላይ እንደተጻፈ አለ፤
ከሥሩ አዲስ ክንድ፣ አዲስ ትከሻ፣ የማን እንደሆነ ያልተባለ።

በማግስቱ ገራዶ ወረድኩ፤ በጎች ስከትብ ዋልኩ እስከ ማታ፤
መመለሻው ዳገት ነው። ያችን ቦታ ስደርስ፣ የቁልቋሏን ቦታ፣
አንድ እግሬን መሬት አስረግጬ ቆምኩ። ጦሳ ላይ ጉም ተጎልቷል።
ወገቤን ጠበቅኩት፤ በዚህ ሰዓት ማጉረምረም ልማዱ ሆኗል።

ምንም አላለም።