ያልታወቀ ጸሐፊ

ታርቱ፣ ኢስቶኒያ። ጥር። ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ምድር ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ስልክ ቀሰቀሰኝ።
እኔ ጋሪ ገፊ፣ መጽሐፍ መላሽ ነኝ፤
ስሜ በር ላይ የለም፣ ማዕረግም የለኝ፤
ብቻ መደርደሪያው በኮቴዬ ለየኝ።

ስደርስ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አልፏል፤
ማሪካ ቀድማኛለች፤ በካፖርቷ ሥር የሌሊት ልብሷ ይታያል።
«አትክፈት! አትግለጥ! ይሁን እንዳበጠ፤
እርጥብ ወረቀት ሟች ነው ከተገለጠ።»
እሷ ጠጋኝ ናት፤ እጇ እንደ ወጌሻ፣
ስብራቱን ታውቃለች ከመነሻ እስከ መድረሻ።
ውጭው ራሱ በረዶ ነው፤ እሷ ግን ሰማይ አታምንም፤
ሰባ ሁለት ሳጥን በፕላስቲክ ጠቅልለን፣
ከአይስክሬም ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ለምነን፣
ከቫኒላው ጎን፣ በረድፍ፣ አስተኛን።

ስምንት ወር ቆዩ። ከዚያ አየር በሌለው ሳጥን
በረዶው ውሃ መሆኑን ረስቶ ተነነ፤
ወረቀቱም ቆረፈደ እንጂ ዳነ።

ከመካከል አንድ ደብተር። ቆዳው የተላጠ።
ስም የለው። በየመጋቢቱ አንድ ቀን፣ አንድ መስመር፦
«ዛሬ ወንዙ ተከፈተ።» «ዛሬ በረዶው ሄደ።»
አንዳንዴም፦ «ሰው ሰመጠ።»

ሄልቬ ካታሎግ ክፍል ሠላሳ ዓመት ኖራለች፤
በነጥብና በሰረዝ ከቄስ ትከርራለች።
«ደራሲ፦ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች፤
ጻፈችና ሌሊቱን አልተኛችም፤ ሲነጋ ሰረዘች።
«ያልታወቀ አይደለም፤ ያልተፈለገ ነው» አለች።

ወጣች ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ ካርታ ቤት።
ሌምቢት ከሰው ጋር ሲያወራ ዓይኑ ወለሉን ያያል፤
ካርታ ሲዘረጋ ግን ምላሱም ይፈታል።
በሁለት ጣቱ ኤማዮጊን ሽቅብ ሄዶ፣ ሄዶ፣
«እዚህ ጋ» አለ፣ «ድልድዩ ሳይሠራ፣
መሻገሪያ ነበረ፤ ገመድ፣ ጀልባ፣ አንድ ጎጆ፤
ይኸው ነጥቡ፤ ዝንብ የጣለችው ይመስላል።»

ከዚያ ኡርማስ፤ ከሌላ አገር መጽሐፍ የሚዋስ፣ የሚያዋስ፤
ደብዳቤውን በ«እባካችሁ» ጀምሮ በ«እባካችሁ» የሚጨርስ።
ሪጋ ጻፈ። ኡፕሳላ ጻፈ። ሁለት ወር ዝም ተባለ፤
ከሪጋ የደብር መዝገብ ቅጂ መጣ፣ ተስፋ ቆርጠን ስናስስ፦
«ማዲስ ሌፒክ። ጀልባ ቀዛፊ። ልጅ ዘጠኝ።
መፈረም አይችልም።»

መፈረም አይችልም!
ታዲያ ይህ ሁሉ ጽሕፈት የማን ነው?

ማሪካ አጉሊ መነጽሯን አመጣች።
«እዩት፣ እጁ ይለወጣል፤ እዚህ ክብ፣ እዚህ ሹል፤
እዚህ ደግሞ ‹ወንዝ› ብሎ መጻፍ ገና ያቃተው ሕፃን።»
ለካስ አባት ጀልባው ላይ ቆሞ ያያል፣ ልጅ ይጽፋል፤
አንዱ ሲያድግ ብዕሩ ለታናሹ ይተላለፋል።
ዘጠኝ እጅ። አርባ አንድ መጋቢት።
ሄልቬ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፣
ዘጠኙንም በስም በስማቸው መዘገበች፤
የመጨረሻዋ፣ ሊና፣ ቀለም የደፋችበትን ገጽ እንኳ
«ጠብታ አለበት» ብላ ጻፈች።

ኡኩም አለ፤ ሰርቨሩ ሲሠራ የማይታወስ፣
ሲቆም ብቻ ስሙ በየፎቁ የሚወቀስ።
ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ ሦስት ቦታ አኖረው፣
አንዱን ከከተማ ውጭ፤ «ቧንቧ ሁሌም አለ» እያለ።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ተማሪ፣
ስለ አየር ንብረት የሚመራመር፣
ለሙቀቱ መጥቶ፣ ጋሪዬን ተደግፎ፣ በስልክ ሲናገር፦
«ቤተ መጻሕፍት? ኧረ አልገባሁም!
ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘሁት፤ ሁለት ሴኮንድ አልፈጀም።
የዘጠኝ ልጆች ደብተር! ማን እንደጫነው እንጃ።»

አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ጠፋኝ። ሄልቬ ግን ሰምታለች፤
ቀስ ብላ ተጠጋችና በጆሮዬ ጠየቀች፦
«ሊናን ጨምሮ ይሆን የጠቀሳቸው?»

አላውቅም አልኳት። ጋሪዬን ገፋሁ።
የግራ ጎማው እስከ ዛሬ ይጮኻል፤
ለእሱ የሚሆን ባለሙያ ገና አልተቀጠረም።