የቀረችው ዜሮ

ጠባችን ይኸው ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዩሮ፤
«እጅጌው» ይለኛል «በአንድ ጣት ልክ አጥሮ!»
እኔ ግን ለክቻለሁ፣ ለክቼም ጽፌያለሁ፣
ደብተሬ ምስክሬ፣ ስልሳ ብያለሁ።
ስልሳ ሳንቲም። ቀኑም፣ የሱም ፊርማ አለ።
ሄር ቴሽነር ግን ኮቱን «አላወልቅም» አለ፤
ከመስተዋቴ ፊት እንደ ተተከለ
«አልከፍልም» ይለኛል፣ «አልወጣም» ይለኛል፤
ነገ ልጁን ይድራል፤ ያ እንኳን ይገባኛል።

የላይፕሲሽ ትራም ደጄን ሲያልፍ ወለሉ ይርዳል፤
መቀሱ ከጠረጴዛው ጫፍ ፈቀቅ ይላል።
እሱም አየው።
እኔም አየሁት።

ስልኩ በግራ እጄ፤ አንድ ብዬ፣ አንድ ደግሜ፣
ከዜሮዋ አናት ላይ አውራ ጣቴን አቁሜ፣
አስባለሁ።

ደውዬ አውቃለሁ። ያውም ለአንዲት ዚፕ።
አንድ የሰፈር ጎረምሳ፣ አሥራ ሁለት ዩሮ ሳይከፍል፣
ጃኬቱን ነጥቆኝ ሮጠ፤ ያኔ ስልክ መደወል
ቀላል ነበር።
መጡ። ሁለት ናቸው። ጫማቸው በረዶ ያዘለ፤
አንደኛው ከኔ ጀምሮ «መታወቂያሽን» አለ።
ልጁን ከፌርማታው መስታወት ጋር ሲያጣብቁት፣
ጉንጩ ተጨፍልቆ በመስኮቴ አየሁት።
ዚፑ ተከፈለኝ።
እናቱ ግን ዛሬም፣ ሱቄ ጋ ስትደርስ፣ መንገድ ትሻገራለች።

ሊየን፣ ጎረቤቴ፣ አበባ የምትሸጠው፣
ስንቱን ሰካራም በሠላሳ ዓመት የሸኘችው፣
ትመክረኛለች፦ «ለገንዘብ አትደውዪ፤
እጅ ሲነሣ ግን አንዲት ደቂቃ አትቆዪ።
ደረሰኝ ያለው ነገር ዳኛ አለው በዚህ አገር፤
ስድብስ? በር ክፈቺለት፤ ነፋስ ነው የሰው ነገር።»
ደግሞ ትስቃለች፤ እሷ ራሷ አንዱን
በባልዲ ውሃ ነው ያስያዘችው መንገዱን።

እሱም ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው፤ ይህንንም ያውቃል፤
ሁለታችን ብንደውል፣ ፖሊስ ለማን ይፈጥናል?

አባቴ ሲነግረኝ፣ ድሮ ባላጋራ
ይሄድ ነበር አሉ ከባላጋራው ጋራ፣
ነጠላው ከነጠላው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣
ተራራውን ወርዶ፣ ሸለቆውን ዞሮ።
ዘብ አልተላከባቸው፤ ቋጠሮው ጠበቃቸው፤
ለሁለት ቀን መንገድ አንድ ቅል ውሃ በቃቸው።
እኔና ሄር ቴሽነር በምን እንቋጠር?
ከእጅጌው ጫፍ በቀር፣ ከዚያ ከኔው ክር።

ድንገት ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲለጋ፣
የመርፌ ቆርቆሮዬ ተበተነ እግሬ ጋ።
«በሕግ አምላክ!» አልኩት።
ከየት እንደ ወጣ እንጃ፤ በገዛ ቋንቋዬ፣
ጀርመንኛው ጠፍቶኝ፣ ምራቄ ደርቆ ከላንቃዬ።
አልገባውም፤ ግን ቆመ።
«ምን አልሽኝ?» አለ።
አልተረጎምኩለትም።

ከዚያ፣ ማን እንዳዘዘው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ
አንድ አንድ መርፌ መልቀም ጀመረ። እጁን ሲዘረጋ
አንጓው ራቁቱን ወጣ።

ደብተሬን አነሣሁ። መብራቱ ሥር ወሰድኩት።
ስድስት፤ ቀጥሎ ዜሮ...
ዜሮዋ አልገጠመችም። ጭራ አላት።
ሁለት ናት።

ለክፉ ቀን ያጠፍኩት ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ አለ፤
«ተቀመጥ» አልኩት። ኮቱን ያኔ አወለቀ።
ጠረጴዛ ስለ መምታቱ ይቅርታ አላለም፤
እኔም ሠላሳ ስምንቱን አላነሣሁም።
መቀሱን አንሥቶ ቢሆን ግን፣ ይህን ሁሉ አላስብም፤
ዜሮዋን እጫን ነበር። አይቆጨኝም።

ሲወጣ መሽቶ ነበር። ስልኬን ስከፍተው
አንድ፣ አንድ፤ እንዳሉ ናቸው።
አጠፋኋቸው፤
መቀሱንም ከጠረጴዛው ጫፍ አንሥቼ
መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።