ሸራው አላለቀም

ጉሙ ከጦሳ ላይ ገና ሳይነሳ፣
ሞተሩን ገፋሁት ጦይብ ዘንድ፣ ፒያሳ።
«የኋላው አይዝም። ብረግጥ፣ ብረግጥ፣
ሐረጎ ቁልቁለት ይዞኝ ነው 'ሚሮጥ።
ሸራው አልቆ ይሆናል፤ አዲስ ግጠምልኝ፣
ዋጋው አያሳስብ፣ ብቻ ይቁምልኝ።»

ጦይብ መልስ አልሰጠኝም።
በአሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ዳዶውን ፈትቶ፣
ጎማውን ነቅሎ፣ ታምቡሩን ከፍቶ፣
ሸራውን በአውራ ጣት ዳብሶ ዳብሶ አየው።
«እንደ ሙሽራ ጫማ የወለወለው ማነው?
አላለቀም፤» አለኝ፣ «ገና ብዙ አለው፤
እግርህ ነው በፍርሃት ሲልሰው የኖረው።
ዳገቱን ረግጠህ፣ ሜዳውን ረግጠህ፣
ምን አይቶ ነው እግርህ እንዲህ የፈራብህ?»

ዝም አልኩ።
ያሲን አምና ክረምት ኩርባው ላይ ሲወድቅ
ከኋላው ነበርኩኝ።
ከዚያ ወዲህ እግሬ ፔዳሉን አይለቅ።

ካርታ ቬትሮ ቀዶ፣ ፋቀው ደጋግሞ፣
በጨርቅ ጠራርጎ፣ መልሶ ገጥሞ፣
የዘንጉን ዳዶ ሁለቴ አጠበቀው።
«የለሰለሰ አይዝም፤» አለኝ፣ «እወቀው፤
ስትሻ ርገጠው፤ ሳትሻ ልቀቀው።»
መቶ ብር ከፈልኩ።

ሐረጎ ራስ ላይ፣ ከሥሬ ኮምቦልቻ፣
እግሬን አነሳሁት፣
አንድ ጣት ያህል ብቻ።