ሦስት ሌሊት

ሉባባ ደብተሯን በሻማ ዘርግታ፣
ሦስት ሌሊት፣ አራት ቀን ሸነሸነች ማታ።

«ካርታሄና ስንደርስ…
ቀን አንድ፦ የድሮው ግንብ፣ ዙሪያው በእግራችን፤
ቀን ሁለት፦ ከበሮና ጭፈራ፣ ወገብ ከቻለልን፤
ቀን ሦስት፦ ባሕሩ ነው፤ ሌላ ነገር የለም።»
እኔ፦ «ባሕር አናውቅ፣ ምን ብለን ልንሳለም?»

«አብሽር» አለች ሉባባ፣ አንገቷን ሳታቀና፣
«ሰው ቤት እንደመግባት፣ ጫማ እናወልቅና
እንቆማለን፤ በቃ።»

ከታች በጨለማው ቦርከና ያጓራል፤
የምናውቀው ውኃ እሱ ነው፤ ክረምት ይኮራል፣
በጋ እንደ ባለዕዳ ድንጋይ ስር ይሰወራል።

ፈቃዷን ፋብሪካው ገና አልፈረመም፤
ዕቁቡም የጣሪያ ነው፤ ሁለቱን አይችልም።
ገጹ መሀል ደሴ የተነሣናቸው ጉርድ ፎቶዎች አሉ፤
እሷ ባሕር ያየች ትመስላለች፤
የኔን፣ «ዓይኑን ጨፍኗል» አሉ።

ጠብ!
ከቆርቆሮው ቀዳዳ አንድ ጠብታ ወርዶ
የሆቴሉን ስም በላው፣ ቀለሙን አዋህዶ።

ምንም አላለችም።
ሳፋውን በእግሯ ገፍታ ወደዚያ አስጠጋች፣
«የሚያዝ ዕቃ» ከሚለው ርዕስ ስር ጻፈች፦
ጃንጥላ።