አንድ ክንድ

የጫማ ካርቶን ነበር መጀመሪያ፣ ቁጥሩ አርባ ሁለት፣
ከሰኞ ገበያ ጥግ ለምኜ ያገኘሁት።
ሆዱን በጥላሸት ቀባሁት፣ ብርሃን እንዳያመልጥ፤
ፊቱን በምላጭ ከፈትኩት፣ ማጉያው ልክ እንዲቀመጥ።

ማጉያው የሰዓት ሠሪው ነው፣ የነፍስ ኄር ወንድይፍራው፤
አርባ ዓመት ደቂቃ ሲያይ የኖረ ዓይኑ ነው።
ሚስቱ በሰማንያ ብር ሸጠችልኝ፣ ከመሳቢያ አውጥታ፣
ጥቂት በመዳፏ ይዛው ቆይታ።

ስልኬን ከካርቶኑ ሆድ አስተኛሁ። መብራት አጠፋን።
ግድግዳው ላይ ኳስ ሜዳ በቀለ፤
ግን ሣሩ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች፣
ተጫዋቹ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠለጠለ፤
ግብ ሲቆጠር ኳሷ ወደ ሰማይ ወደቀች።
እህቴ ተሚማ ከት ብላ ሳቀች፤
«የአንተ ሲኒማ እኮ በጭንቅላት ቆሞ ነው የሚታይ!»
እውነትም ቆመች፣ ዩኒፎርሟን በጉልበቷ ቆልፋ፣
ግድግዳውን ተደግፋ።

ስልኩን ገለበጥኩት። ሰው በእግሩ ቆመ።
ግን ግራው ቀኝ ሆነ፤ ግራ እግረኛው በቀኝ ለጋ፤
የማሊያው ስም እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ተነበበ።
የተሚማን የፊት መስታወት ሰርቄ አጋደምኩት፤ ተቃና።
ግን እያንዳንዱ ሰው መንፈሱን አስከትሎ መጣ፣
ከጠርዙ ላይ ሌላ ሰው፣ ስስ፣ አመድ መሳይ ወጣ።
የመስታወቱን ጀርባ ልጬ በብሩ በኩል ባዞረው
መንፈሱ ሄደ።
ተሚማ አልሄደችም። መስታወቷን እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ሙሄ ከኮምቦልቻ በቅዳሜ መኪና መጣ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ሲቀነስ የያዘው ፌስታል በእጁ።
«ኩራዝ ነው እንዴ የሠራኸው?» አለኝ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።
ባለቤቱ ጥሎት የቀረ ላፕቶፕ ነበረኝ፤
ስክሪኑን እንደ ሽንኩርት ገፈፍነው፣ ሽፋን በሽፋን፤
ከጀርባው የአይሱዙ የፊት መብራት አቆምን።
አቤት ብርሃን! አቤት ሽታ!
ካርቶኑ ጨሰ፤ በዘይት ቆርቆሮ ተተካ፤
ቆርቆሮው ጋለ፤ ማራገቢያ ተተከለ፤
ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ፤
ስፖንጅ አለበስነው፤ ስፖንጁ አፈነው፤ እንደገና ጋለ።
«ይኼ ነገር» አለ ሙሄ፣ «እንደ ዕዳ ነው፤
አንዱን ስትከፍል ሌላው ይወልዳል።»

ነሐሴ ላይ እማማ ዘሐራ አቡጀዲዋን ይዛ መጣች፤
ከመሐረቧ ቋጠሮ ፍላሽ ፈታ አወጣች።
«ጅዳ የተዳረው ልጄ ነው። በስልክ ሲያሳዩኝ ትንኝ ያክላል።
በር አሳክለህ አሳየኝ።»

ከፊት ተቀመጠች፣ ከአቡጀዲው ሥር፤ ዓይኗ ሞራ አለበት።
አበራሁ። ልጁ መጣ፤ በር አከለ፤
ፊቱ ግን ሊጥ ነው፣ ጠርዝ የሌለበት።
ማጉያውን ገፋሁ፣ ሳብኩ፣ በጣት፣ በግማሽ ጣት፤
እንቢ አለ ያ የመጨረሻ ጥራት።
ቆርቆሮው ሲግል ሙሄ በሩን ወለል አደረገው፤
የጦሳ ጉም ሳያንኳኳ ዘው አለ።
ያኔ ብርሃኑ አካል አገኘ፤
ልጁ ከጨርቁ ተነሥቶ በመካከላችን ተንሳፈፈ።
ማንም አልተነፈሰ፣ ትንፋሽ እንዳይበትነው።
እማማ ዘሐራ እጇን ዘረጋች፣ ዝናቡ ማባራቱን እንደሚያይ ሰው፤
አንድ ዓይኑ ከነቅንድቡ መዳፏ ላይ አረፈ፤
ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር።
«ይኸው፣ አባቱን» አለች።
ቀስ ብላ ጣቷን አጠፈች፤
ዓይኑ ከጣቷ ጀርባ ላይ ወጣ፣ ሳትይዘው።

መብራት ጠፋ። የሰፈራችን መብራት ልማዱ ነው።

በማግስቱ ወለሉን በጠመኔ ለካሁ፣
ከጨርቁ እግር እስከ እጇ የደረሰበት።
አንድ ክንድ።
ወር ሙሉ መሣሪያውን ስወቅስ፣ ስፈታ፣ ስገጥም፣
የራቀው ግድግዳው ነበር።
አቡጀዲውን በሁለት ችንካር ወደፊት አመጣሁት።
አሁን ጥርት ይላል።
ማራገቢያው ግን እንደ ጥንቱ ይጮኻል፤
ሙሄ ቅዳሜ ሌላ ፌስታል ይዞ ይመጣል።