የሚተነፍስበት ቦታ

ከአቡዳቢ የፊልም ትምህርቴን ጨርሼ ሻርጃ ስመለስ፣
አባቴ ጋራዡ በር ላይ፣ የተቀደደ ከመነዳሪ ሲያብስ፣
"ምን ተማርሽ?" አለኝ፣ ወረቀቴ እንዳይቆሽሽ እጁን አርቆ።
"ፊልም።" ዝም አለ። ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ጠብቆ፣
አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣቱ አገኘና፣
"እንጀራ ይወጣዋል?" አለ፣ አንገቱን ሳያደርግ ቀና።

ወጣው። ወንድ የማይገባበት የሰርግ አዳራሽ ቀጠረኝ፤
ከአጅማን እስከ ፉጄራ፣ ሌሊት ሚኒባስ እየወሰደኝ።
በር ላይ ስልክ ይሰበሰባል፤ ካሜራ የኔ ብቻ ነው፤
ሺህ ሴት ፀጉሯን ገልጣ ስትጨፍር፣ ወርቁ የዝናብ ድምፅ አለው።
ሲነጋ ካርዱን ለእናትየዋ አስረክቤ፣ ፈርሜ እወጣለሁ፤
አራት መቶ ፊልም ሠርቼ፣ አንድም ሳላስቀር፣ እተኛለሁ።

አንዷ ሙሽራ፣ ሞዛ የምትባል፣
"አጥፊው" አለችኝ። አጠፋሁት።
ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ደምቷል።
ቁጭ ብላ ሩዝ በእጇ በላች፤
ስድስት ጉርሻ። ቆጠርኩት።
ኮርኒሱን ትንሽ አየች።
"አሁን አብሪው" አለች።

ያን ያልቀረጽኩትን ነው
አስራ አንድ ዓመት የጻፍኩት።

ገንዘብ ብጠይቅ፣ እዚህ "ለዜጋ ብቻ ነው" አሉኝ፤
አዲስ አበባ "ፊልምሽ ዓረብኛ ነው" ብለው ሸኙኝ።
ሰርግ በሰርግ ላይ አጠራቅሜ፣ አዳራሽ በሚረክስበት፣
ነሐሴ ላይ ጀመርን፤ ሙቀቱ አርባ ሰባት።
ድምፅ ልንቀዳ ስንል ማቀዝቀዣው ይጠፋል፤
ቢጁ የማይኩን ዘንግ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ላቡን ይውጣል፤
የተዋናይቷ ኩል ወደ ሩዙ ይወርዳል።
ሃያ ሰባት ጊዜ ደገምን። በሃያ ሰባተኛው
ጠግባ ነበር፤ መብላቷን ትታ
ዝም ብላ ኮርኒሱን አየች።
አቁሚ አላልኩም።

ዓርብ ከሰላት በኋላ ለአባቴ አሳየሁት፣
ጋራዡ ውስጥ፣ ላፕቶፑን ጎማ ላይ አስቀምጬ።
ያቺ ዝምታ ስትደርስ፣
አርባ ሰከንድ፣
ያየው ሁሉ "ቁረጪው" ያለኝ፣
ጣቱን ዘረጋ፤ ስክሪኑን አልነካም።
"እዚህ ጋ ይተነፍሳል" አለ።

ልድፈነው ወይ? አላልኩትም።
እሱም ሙጫውን አላቀበለኝም።

ማክሰኞ ዱባይ ይታያል፣ አዳራሽ ዘጠኝ፣
የመጨረሻው ሰዓት ላይ።
አርባው ሰከንድ እንዳለ ነው።