ቀሪ

ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቁጥርና ቀን ያላቸው፣
ክብ ማኅተም የነከሳቸው።
«ጉዳዩ፦» ብዬ ጀመርኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩ፣
ከማርቆስ ይዤው የመጣሁትን አማርኛ ሁሉ ደረደርኩ፤
«ልጅዎ ሽባባው ተገኘ፣ የዘጠነኛ መ ተማሪ፣
ዘወትር ሐሙስ በመሆኑ ቀሪ፣
በአስቸኳይ ቀርበው እንዲያስረዱ...»
ደብዳቤዎቹ በልጁ እጅ ሄዱ።
የያንዳንዳቸው ቀሪ ፋይል ውስጥ ተኛ፤
ከቻግኒ ወዲያ ያለው ቤት ግን ዝም አለኛ።

ስም ስጠራ ክፍሉ ይስቃል፦
«ሽባባው ተገኘ?» ስል፣ «ቀሪ!» ይላል።
አባትየው ተገኘ፣ ልጅየው የለም፤
እኔም አብሬ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

በአራተኛው ሳምንት እናትየው መጣች፣ አንጓች ፈንታ፤
ሦስቱንም ደብዳቤ ከመቀነቷ ፈታ
ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች፤
አልተቀደዱም። እንደ ክታብ አጣጥፋ፣
ወገቧ ላይ ይዛቸው ከርማለች።

እሷ አገውኛ፣ እኔ አማርኛ፤
በመሃላችን ሽባባው፣ የአሥራ አምስት ዓመት ዳኛ።
«ልጅሽ ሊሰረዝ ነው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል፤
(ቋንቋ ያልገባው ሰው በጩኸት የሚገባው ይመስል!)
ልጁ ጫማውን እያየ ጥቂት ነገር አላት፤
የግንባሯ ቋጠሮ ተፈታላት፣
ጎንበስ ብላ እጄን ያዘች፣ መረቀችኝ፤
ልጇን ላባርር የተቀመጥኩትን አመሰገነችኝ።

ጋሽ ደባሱ፣ የበሩ ዘበኛ፣
በመስኮት ሰምቶ ኖሮ፣ ሳል ሳለ ሐሰተኛ፤
«መምህር» አለኝ፣ «ይህ ልጅ ጉድ ሠራዎ፤
‹ልጅሽ ዕንቁ ነው› ብሏታል፣ በአፍዎ።»

ተቆጣሁ። ልጁ አለቀሰ።
ሽማግሌው ዱላውን አስደግፎ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣
ከቁና ወደ ቁና፣ ፍሬ ሳያፈስ፣ ቃላችንን ገለበጠ።

ያኔ ነው የሰማሁት፦
ተገኘ ኩላሊቱን ታሟል፤ ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤
ሐኪሙ አገውኛ አይሰማ፣ በሽተኛው አማርኛ አይችል፤
ልጁ ነው በመሃል ቆሞ «እዚህ ጋ ይወጋዋል» የሚል።
የሐኪሙን ቃል ተቀብሎ፣
ክፉ ክፉውን ይውጣል፣ ደግ ደጉን ያቀብላል፤
እኔ ፊትም ያደረገው ያንኑ ነው፣
አፉ ለምዶበታል።

መዝገቡን ገለጥኩት። ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ሐሙስ፣
የኔው ቀይ እስክሪብቶ፣ የኔው ጭረት።
ግማሽ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ደጃፍ
ማን ነበር የቀረ? እስቲ ቁጠሩት።

ርእሰ መምህሩ «ለአስተርጓሚ በጀት የለም» አሉ፤
አልዋሹም፣ የለም።
ደባሱ ግን በስልኬ ድምፁን ቀዳ፦
የስብሰባው ቀን፣ የፈተናው ቀን፣ የሚከፈል ዕዳ፣
ሁሉም በአገውኛ፣ «ደኅና ዋሉ» ታክሎበት።
ከሥሩ ማኅተም የለውም፣ ግን ሰው ደወለበት።
ለጉሙዝ ወላጆች ገና ሰው አላገኘንም፤
እነሱ እስካሁን በሩ ላይ ቆመው ይመለሳሉ፣
ይህንንም አልደብቅም።

እኔንም ሰላምታ አስጠናኝ።
ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ እምቢ አለኝ፤
አንጓች ስትሰማኝ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፣
ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ደገመችልኝ።

አሁን አንዳንድ ሐሙስ ደባሱ በሩን አደራ ይለኛል፤
ከተገኘ ጋር ሐኪም ቤት ይሄዳል፣
ደወሉን እኔ እደውላለሁ።
ሽባባው ክፍል ውስጥ ነው። ስሙን ስጠራ «አቤት» ይላል፣
ዓይኑ ግን ከመስኮቱ ውጭ ውሏል።
ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በዱላው እየተመራ ሲገባ
ልጁ አንገቱን ይሰግጋል፣ ፊቱን ሊያነብ።
ደባሱ ከሩቅ ፈገግ ይልለታል፤
ክፉውን ውጦት ይሁን አይሁን፣
እኔ አላውቅም።